ሻኛ የሌላት ላም

የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛዋ ጆይስ ከናይሮቢ ጭና ያመጣቻቸው መጻሕፍት ልጆች የሚቀቧቸው ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ለአዋቂ ተብለው መታተማቸው ብቻ ነው። ሥዕሉ በጥቁር መስመር ተሥሎ አልቋል፤ ለሰው የቀረለት መሀሉን በቀለም መሙላት ነው። ከብቱን ድርቅ የጨረሰበት ሰው ቅጠልና አበባ ሲቀባ ልቡ ይረጋል ተባለ። እኔ አላልኩም። እኔ ያሉትን ነው የምተረጉመው።

ሥራዬ መስማት ነው። በስደት መጥቼ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ከቀረሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ስዋሂሊውን ከራዲዮ፣ እንግሊዝኛውን ከጎረቤት ልጆች ደብተር፣ ኦሮምኛውን ከገበያ ለቀምኩት። ሐኪም ከበሽተኛ፣ ነጋዴ ከጉምሩክ ሰው ሲነጋገር መሀል ላይ እቀመጣለሁ። መሀል የሚቀመጥ ሰው ብዙ ይሰማል፤ የሰማውን ሁሉ እንዳይንቅም መጸለይ አለበት። በዚያ ሳምንት ጸሎቴ የደረሰ አይመስለኝም።

አዳራሹ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጎልቦ፣ ከኡራንና ከኦቦ የተሰበሰቡ አሥራ አንድ ሰዎች በላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። የሁሉም ከብት አልቋል። ጆይስ ከፊታቸው ቆማ አንዱን መጽሐፍ ከፍ አደረገችና መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ ታስተምር ጀመር። መጥፎ ሴት አይደለችም። መጥፎ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

«በመጀመሪያ ወረቀቱን ዳስሱ» አለች፤ ተረጎምኩ። «ወፍራም መሆን አለበት። ቀጭን ከሆነ እርጥበት ሲነካው ይቀደዳል።»

ሮዛ ልባሽ ጨርቅ ከድንበር ድንበር እያሻገረች የምትሸጥ ናት፤ ኦቦ ዘመድ ዘንድ ያኖረቻቸው ፍየሎች ናቸው ያለቁባት። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ፈተገችው።

«ደህና ጨርቅ ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ግን እትዬ፣ ለኦቾሎኒ መጠቅለያ እንኳ አይታጠፍም።»

«ምን አለች?» አለች ጆይስ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው አለች።»

ጆይስ ደስ አላት። ቀጠለች። በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ይሁን፣ ጀርባው ባዶ ይሁን፣ ቀለሙ አልፎ የሚቀጥለውን ሥዕል እንዳያበላሽ። ጀማሪ መስመር የበዛበትን አይምረጥ። ተፈጥሮ ያለበትን ይምረጥ፣ ተፈጥሮ ታረጋጋለችና። ከሁሉ በላይ ልባችሁ የሳበውን ምረጡ፤ ቀለሙንም የፈለጋችሁትን፤ እዚህ ስህተት የሚባል ነገር የለም አለች።

ተፈጥሮ ታረጋጋለች የሚለውን ስተረጉም ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እነዚህን ሰዎች ባዶ እጃቸውን ያስቀረቻቸው ማን ሆነችና።

መጻሕፍቱ አራት ዓይነት ናቸው። አንዱ የፈረንጅ አበባ፣ አንዱ ባሕር፣ አንዱ ጫካ፣ አንዱ ላሞች የሚግጡበት መስክ። የጫካው ሽፋን ላይ ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ አጋዘን አለ። ሁካ የሚባለው የጎልቦ ሰው፣ ፊቱ የተሸበሸበ ቀልደኛ፣ ብዙ አየውና «ይህ ፍየል ግራር ውስጥ ገብቶ፣ ግራሩን ይዞት ወጣ» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለጆይስ «አጋዘኑን ወደዱት» አልኳት።

ሮዛ ባሕሩን መረጠች፤ መስመሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል ብላ። ሁካ መስኩን አነሣ። አንድ ሰው ብቻ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም። ጋልጋሎ ይባላል፤ እንደ አገሩ ደንብ በበኩር ልጁ ስም አባ ሊበን ይሉታል። ስድሳ ያለፈው፣ ረጅም፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ለአዳራሹ ሻይ የምታፈላው ልጁ ከዲጃ ናት። ብርጭቆ ስታዞር መጣችና መስኩን አንሥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። እሱ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ያያል።

በእረፍት ሰዓት ሻይ ወደሚፈላበት የከሰል ምድጃ፣ ጂኮው ዘንድ ሄድኩ። ከዲጃ ከሰሉን እያራገበች ነበር።

«አባቴ ይበላል እትዬ ደመቀች። ይተኛል። አይናገርም እንጂ።»

«ለእኔ ሰላምታ መልሷል።»

«ሰላምታ ንግግር ነው እንዴ? የመጨረሻዋን ላም ራሱ ገፎ፣ ቆዳዋን በሎሪ ይዞ ቤቴ ከመጣ ወዲህ ከሰላምታ ሌላ አልሰማሁም። የግድግዳዬን ጥግ ይዞ ይውላል።» ማራገቢያውን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ጎልቦ ላይ ጎሳችን ይቀመጣል። ቡሳ ጎኖፋ ነው። ከብት የተረፈለት አዋጥቶ ላለቀበት ይሰጣል።»

«እንግዲህ ይሰጠዋላ።»

«የእኛ ሰዎች ዝም ብለው አይሰጡም። የሚቀበለው ቆሞ ያለቁበትን ይጠራል። አንድ በአንድ፣ በመልኳ፣ በእናቷ። ካልጠራ ባዶውን ይመለሳል። ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ በቃ፣ እኔ ግድግዳ ሥር ነው የሚሞተው።» ወደ አዳራሹ አየች። «የሚያስቀው፣ ሕጉን ያጠበቀው ራሱ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሁካ ቆሞ ሲጠራ የአንዲት ጊደር እናት ማን እንደሆነች ጠፋበት። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ‹ላሙን የማያውቅ ላም አይሰጠውም› አለ። ሁካ በዚያ ዓመት ባዶውን ሄደ። አሁን አባቴ አንዷን እዘላለሁ ብሎ ነው የፈራው። ሁካ ቁጭ ብሎ እያየው።»

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ የቀለም እርሳስ የታዘዘለት።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ጆይስ በየወንበሩ እየዞረች የተቀባውን አየች። ሮዛ ከባሕሩ ተሰላችታ የጎረቤቷን ጫካ ወስዳ ነበር። ዛፎቹን ሁሉ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በአንድ ቡናማ እርሳስ ጨርሳቸዋለች። ጆይስ ትከሻዋን በእጇ ዳሰሰች።

«ይህ ሐዘን ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠይቂልኝ፣ አረንጓዴውን ለምን ተወችው?»

ጠየቅኋት።

«ወሩ ምንድን ነው እትዬ?» አለች ሮዛ።

«የካቲት።»

«የካቲት ላይ አረንጓዴ ቅጠል አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝናብ ሲመጣ ትምጣና አረንጓዴ እቀባላታለሁ።»

ይህን አሳጥሬ «ዝናብ እየጠበቀች ነው» አልኩ። ጆይስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሁሉንም ምን እንደተሰማቸው ጠየቀች። ሁካ ወገቤን አመመኝ አለ። የኡራኗ ሴትዮ ልጆቼን ማን ይዟቸው ይሆን እያልኩ ነው አለች። አንዱ ሻዩ ስኳር አነሰው አለ። ሦስቱንም ሰምቼ «ዘና ብለናል ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ሌላስ አሉኝ።

ሌላው ይኸው ነው። ሁሉንም እንቅ ነበር። ጆይስን ስለ ደግነቷ፣ ሰዎቹን ለሻይና ለምሳ ብለው ስለ መቀመጣቸው፣ ራሴንም በመሀል ቁጭ ብዬ እንጀራዬን ስለ መብላቴ። ንቀት ሲሰማኝ አፌን እዘጋለሁ፤ ሰው ትዕግሥተኛ ይለኛል።

ጆይስ ከጋልጋሎ ፊት ተንበረከከች። «ምዜ» አለችው፣ አባባ እንደ ማለት፤ አረንጓዴ እርሳስ ጣቶቹ መሀል አስገባችለት። እርሳሱ እዚያው ቆየ። እሷ ስትነሣ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሱ አልጣለውም፤ አልያዘውም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት አንድ የአበባ መጽሐፍ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጾም ስለነበር ምሳ አልነበረብኝም፤ ጊዜ ተርፎኛል። ሳይሞክሩ መናቅ ልክ አይደለም ብዬ፣ ጆይስ እንዳለችው ትንፋሼን አርግቼ፣ እርሳሱን ሳልጫን፣ ከጠርዝ ወደ መሀል አንድ ቅጠል ቀባሁ። ቅጠል ሆነ። ሁለተኛውን ቀባሁ። እሱም ቅጠል ሆነ። ከዚያ ዳዊቴን አነሣሁ።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሁካ ዘግይቶ ገባና ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ወንበሩን ጎትቶ ከጋልጋሎ አጠገብ ተቀመጠ። መስኩን ገለጠው፤ ስድስት ላሞች ያሉበት ገጽ ነው። እርሳሶቹን አንድ በአንድ እያነሣ አይቶ ወይን ጠጁን መረጠና የፊተኛዋን ላም መቀባት ጀመረ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ ይቀባል። ሆዷን ጨረሰ። እግሯን ጨረሰ። ከዚያ መጽሐፉን ትንሽ ወደ ጋልጋሎ አዘነበለው።

ጋልጋሎ ዓይኑን ከግድግዳው ነቀለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ድምፁ ዝጎ ነበር። ከዲጃ በሩ ላይ የብርጭቆ ሰሐን ይዛ ቆመች።

«ላም ነዋ» አለ ሁካ።

«የምን ላም?»

«የኔ ላም።»

«ወይን ጠጅ ላም አለችህ?»

«ማዳሟ የፈለጋችሁትን ቀለም ምረጡ አለች። መረጥኩ።»

«ላም የፈለግኸውን ቀለም አትሆንም።»

«አባ ሊበን፣ አንተ ላም ታውቅ የለ፤ ቀባና አሳየኛ።»

«ምኑን ልቅባ?» ጋልጋሎ የራሱን መጽሐፍ ከጭኑ አነሣ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ አሁን ገና ማየቱ ነው። ያን ገጽ አገኘው። ልጁ ያበላሸው አጥር እንደሚያይ ሰው ብዙ አየው። «ሻኛዋ የት አለ? ግቷ የውሃ ጀሪካን ነው። አንገቷ ላይ ደግሞ ደወል፣ ቤተ ክርስቲያን ናት እንዴ? ይህችን የሣለ ሰው ላም ያየው ከመንገድ ማዶ ነው። ያውም መኪና ሲያልፍ።»

«ስለዚህ መቀባት አትችልም» አለ ሁካ።

«እርሳስ ስጠኝ።»

ሁካ ወይን ጠጁን ዘረጋለት። ጋልጋሎ እጁን ገፍቶ ጥቁሩን ከጠረጴዛው አነሣ። እንደ ቢላ ነው የያዘው። በመጀመሪያ ሻኛ ሠራላት፣ ትልቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን የተጋደመ። ቀንዷን አረዘመው። ደወሉን ሰረዘው። ከዚያ ቀለሞቹን በተራ ይበረብር ጀመር። ሃያ አራት ዓይነት ነበሩ፤ ሮዝ ሁለት ዓይነት፣ ሰማያዊ አራት።

«ዳለቻ የለም» አለ። «ይህን ሁሉ ቀለም ሲሠሩ ዳለቻ አልሠሩም። የኔ የመጀመሪያዋ ዳለቻ ናት።»

ከዲጃ ሰሐኑን ወለል ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከጂኮው ሥር አመድ በጣሳ ክዳን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አባቷን አላየችውም፤ አመዱን ብቻ እያየች ተመለሰች። ጋልጋሎ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አመዱን ነካና የላሟን ጎን አሸው።

ጆይስ ከወዲያ ጥግ አየችና ደነገጠች። «ወረቀቱ ይቀደዳል ማማ ደመቀች፣ እንዳያርሰው በይው።»

«ወፍራም ነው» አልኳት። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

አልተቀደደም። ልክ የዝናብ ዋዜማ ደመና ዓይነት፣ ጎኗ ላይ ደመቅ፣ ሆዷ ሥር ፈዘዝ ያለ ዳለቻ ወጣ። ጋልጋሎ አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ሁካ ሳይዞር መናገር ጀመረ።

«ይህች ዳለቻዋ ናት። አባቴ የሰጠኝ። ይህች ልጇ፣ ቀይዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ይህች የቀይዋ ልጅ፣ ቡሬዋ፤ በግራ በኩል ብቻ ነው ቡሬ፣ በቀኝ ያያት ጥቁር ናት ይላል። ይህች የቡሬዋ የመጀመሪያ ልጅ…»

ስድስቱም ላሞች አለቁ። ሻኛ ያላገኘች፣ ቀንዷ ያልተቃና አልቀረችም። ከብቱ ግን ገና አላለቀም። ገጹን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነበር። ቀለም እንዳያሳልፍ ተብሎ የተተወ ባዶ። እዚያ ላይ ያለ መስመር፣ ከራሱ፣ ይሥል ጀመር፤ ሰውነት ሳይሆን ጀርባና ቀንድ ብቻ፤ ከኋላ ሆኖ ሲነዳ እንደሚያያቸው። አዳራሹ ውስጥ ከሁካ በቀር የሌላው ሁሉ እርሳስ ቆሟል። ሮዛ ቆማ በትከሻዬ ላይ ታያለች።

«የዛጎሏ ልጅ ቀንደ ጎዳዋ። የቀንደ ጎዳዋ ልጅ…»

ቆመ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ነጥብ አድርጎ ቀረ። «የቀንደ ጎዳዋ ልጅ» አለ እንደገና። በሆዴ እግዚኦ አልኩ። ከዲጃ በሩን በጀርባዋ ተደግፋለች። የፈራው ይኸው መጣ፣ ያውም ሁካ አጠገቡ ቁጭ ብሎ።

ሁካ ወይን ጠጅ ላሙ ላይ እንዳቀረቀረ ጭራዋን ይቀባል። እሱና ጋልጋሎ ከብቶቻቸውን ለዓመታት በአንድ ጉድጓድ ነው ያጠጡት።

«አንድ ጆሮዋ የተቀደደው» አለ፣ ቀና ሳይል። «ነጯ።»

ጋልጋሎ እርሳሱን ከነጥቡ ላይ አነሣ።

«አውቃለሁ» አለ። «አንተ ዝም በል።»

ከዚያ ነጯን ሣላት፤ ጆሮዋን ቀደደው፤ ቀጠለ፤ ጨረሰ።

ጆይስ ጎኔ መጥታ ቆማ ነበር። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። «ምን አለ ማማ? ሁሉንም ንገሪኝ። ተረጋጋ?»

ሦስት ቀን የዋሸሁላት ሴት ናት። አፌ «ደስ ብሎታል» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የለመደ አፍ አይቸገርም። ግን ሰውየው ያን ሁሉ ላም ሳይሳሳት ጠርቶ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ባሳስት አፈርኩ።

«አልተረጋጋም» አልኩ። «ተናዷል። መጽሐፍሽን የሣለው ሰው ላም አያውቅም አለ። ሻኛ የላትም፣ ግቷ ጀሪካን ነው አለ። ዳለቻ የሌለው ሃያ አራት ቀለም ቀለም አይደለም አለ። ሮዛ ትናንት ያዘነች አይደለችም፤ የካቲት ስለሆነ ነው ቡናማ የቀባችው። ወገባቸውን ያማቸዋል። ሻዩም ስኳር አንሶታል።»

ጆይስ እጆቿን ከደረቷ አወረደች። «ግን ተናገረ?» አለች።

«ተናገረ።»

ደብተሯ ላይ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ከላይ ሆኜ አነበብኩ፤ «ሥዕሉ አረጋጋው» ነው የሚለው። ሰው መስማት የሚፈልገውን አስቀድሞ ካወቀ ሌላ ምን ይሰማል። ከዚያ ገጹን ለሪፖርቷ እንዲሰጣት እንድጠይቅላት ለመነችኝ። ጠየቅሁት።

«ምን ታደርግበታለች?» አለ ጋልጋሎ።

«ናይሮቢ ላሉ አለቆቿ ታሳያለች።»

«ላም ያውቃሉ?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ትውሰደው። የሚያርመኝ የለም።»

ሰኞ ከዲጃ ቤቴ መጣች። እሷ ራሷ አባቷን ቅዳሜ በሎሪ ጎልቦ አድርሳ፣ ከሴቶቹ ጋር ርቃ ተቀምጣ ሰምታለች። ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም።

«ቆሞ ጠራ እትዬ። ያለ ወረቀት። ነጯ ላይ ሲደርስ ትንሽ ዘገየና ሁካን አየው፤ ሁካ ሰማይ ያያል። ጠራት።»

«ሁካስ ጠራ?»

«ጠራ። አባቴ አንድ ቦታ አረመው። ግን ይሰጠው አለ።»

«ለአባትሽስ?»

«አንዲት ጊደር ሰጡት፣ ጥቁር። ለጊዜው ይህች ናት፤ ከዝናብ በኋላ ይጨመራል ብለዋል። ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣ ጀርባዋ ጠማማ ነው፣ ያሳደጋት ሰው ላም ማሳደግ አይችልም አለ። ሰጪው ፊት።» ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «ከእኔ ጋር አልተመለሰም። ይቺን ጠማማ ለማን ትቼ ልሂድ አለኝ።»

ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረብኩ፤ ለእርሳሱ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጆይስ ከናይሮቢ ደወለች። ገጹን በመስታወት አሠርተውት ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። አለቆቿ ለማርሳቢት ሌላ ዙር ፈቅደዋል፤ መጽሐፉም እንደገና ይታተማል። ድምፅዋ ደስተኛ ነው።

«ማማ ደመቀች፣ አንቺ ቅርብ ነበርሽ፤ ምዜውን የረዳው የትኛው ሥዕል ነው? በሚቀጥለው ምን ዓይነት እንምረጥ?»

«የላሞቹን ገጽ» አልኳት።

«እሱን እናስበዋለን። ሠዓሊው ደግሞ የነገርሽኝን ሰምቶ ሻኛ ሊጨምርላቸው ነው፣ የአገሩን ላም እንዲመስሉ።»

«ተዪው» አልኳት። «ሻኛ እንዳይጨምር። ደወሉንም እንዳያወርደው።»